የከተራ ዕለት ጎማ

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሰርክአዲስ፣ ጅቡቲ

የከበረ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እኔና ባለቤቴ ውባለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ውባለም ከጎኔ ቁጭ ብላ “ከስታ እንደሆነ ጠይቅልኝ” ትላለች። ከሳሽ ወይ?

ዘንድሮ ሙቀቱ ታኅሣሥ መሆኑን ረስቷል። ጣርማ በር ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ እኛ የወረደ ሾፌር መጀመሪያ የሚያወልቀው ሸሚዙን ነው። ለእኔ ሥራ ግን ይህ መልካም ነው። ጎማው ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ወርዶ አስፋልታችን ላይ ይግላል፤ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ ደግሞ ፈለቀ ጎሚስታ ዘንድ ይመጣል። በሰው ፍንዳታ እኖራለሁ አይባልም እንጂ፣ እንጀራዬ እሱ ነው።

አንቺ ቢሮ ገባሁ ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ እዚህ ያልነገርኩት ሰው የለም። ከሱቄ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሙሚና እንኳ ስሜን ትታ “የጸሐፊዋ አጎት” ትለኛለች። እኔ ግን የምጠይቅሽ ሌላ ነው። እስኪርቢቶ ከማንሳትሽ በፊት ታማትቢያለሽ? እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሳታማትብ እንስራ አትነካም ነበር። እኔም መፍቻዬን በስመ አብ ብዬ አነሳለሁ፤ የመጨረሻዋን ቡሎን አስሬ ተመስገን ሳልል አላስቀምጠውም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ፤ ከእጄ የወጣ ጎማ መንገድ ላይ ወልቆ አያውቅም። ለባለ መኪናው ብቻ የሚሠራ ሰው፣ ባለ መኪናው ዞር ሲል ይሰንፋል። እግዚአብሔር ግን ዞር አይልም። ይህን ጠረጴዛሽ ላይ ጽፈሽ ለጥፊው።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። የመፍቻዬ አፍ ተበልቶ ቡሎን ላይ ይንሸራተታል፤ እዚያ ወደብ አለ፣ ሁሉ ነገር አለ ይባላል፤ ሠላሳ ሁለት ቁጥር፣ እጀታው ረጅም የሆነ መፍቻ ፈልገሽ በምታምኚው ሰው ላኪልኝ። ሁለተኛው፣ ፎቶግራፍ ተነሺ፤ ከነጠረጴዛሽ።

የእናትሽ አምላክ በወጣሽበት ሁሉ ይቅደምሽ።

አጎትሽ ፈለቀ


ጅቡቲ፣ ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ፈለቀ

እንደምን ከርመዋል? እትዬ ውባለምስ እንደምን ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አልከሳሁም ይበሉልኝ። እንኳን ለጥምቀቱም በሰላም አደረሳችሁ።

ሥራዬ ያው ነው። ጠዋት እገባለሁ፣ ሲመሽ እወጣለሁ። እዚህ ሙቀቱ የሸዋ ሮቢትን ያስመሰግናል። ውሃውም ጨው ጨው ስለሚል ሳሙና አረፋ አይዝለትም፤ ክንድ ነው የሚጨርሰው።

መፍቻውን እፈልጋለሁ። ፎቶግራፉ ግን ይቆየኝ። ወደዚህ የሚመጣ የአገር ሰው ካለም አድራሻዬን አይስጡብኝ፤ ቢሮው እንግዳ አይወድም።

ስለ ማማተቡ ጠይቀውኛል። ሥራ ሲበዛብኝ እረሳለሁ። እርስዎ ይጸልዩልኝ።

በጸሎትዎ የምታምን ልጅዎ ሰርክአዲስ


ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 19 ቀን 1993 ዓ.ም.

ልጄ ሰርክአዲስ፣ ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። የእኔን ጤና አትጠይቂኝ፤ አካሌ ደህና ነው።

መፍቻውን ተይው። አሁን የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው።

በከተራ ዕለት፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ዕቃዬን ስሰበስብ አንድ የጭነት መኪና የኋላ ጎማው ፈንድቶ ደጄ ላይ ቆመ። በዓል ነው ብዬ ልመልሰው ነበር፤ ግን መንገደኛ ነው፣ ረዳት እንኳ አልነበረውም። በስመ አብ ብዬ ጀመርኩ። ጎማውን ለወጥኩ፣ ቡሎኖቹን በእጄ አስገባሁ፣ በመፍቻ ያዝ ያዝ አደረግኳቸው፣ ክሪኩን አወረድኩ። ዋናው ማጥበቅ ከዚህ በኋላ ነው። ጎማው መሬት ረግጦ ክብደቱን ሲይዝ፣ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ በሙሉ ጉልበቴ የምጫነው ያን ጊዜ ነው። አንቺም ልጅ ሳለሽ ቧንቧው ጫፍ ላይ እየተንጠለጠልሽ “ረዳሁህ” ትዪኝ ነበር።

ቧንቧውን እንዳነሳሁ ታቦታቱ ደረሱ። ወደ ሮቢ ወንዝ ሲወርዱ በደጄ እንደሚያልፉ ታውቂያለሽ። ያኔ ዕቃ በእጁ ይዞ የሚቆም የለም። ቧንቧውን ጥዬ፣ ጫማዬን አውልቄ ተንበረከክሁ። መኪናው ሁሉ ቆመ፤ ያ ሾፌርም ቆመ። ካለፉ በኋላ ተነስቼ ልጨርስ ነበር ሐሳቤ። ግን እልልታው ሲርቅ እግሬ ተከተለ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ወንዙ ዳር ደርሼ እጄ ላይ ያለውን ግራሶ ሳይ ነው ሥራዬ ትዝ ያለኝ።

በባዶ እግሬ ሮጥኩ። መኪናው የለም። ሙሚና “ፖሊሶቹ መንገዱ ተከፈተ ሂድ ሲሉት ሄደ” አለችኝ። ጎማው መሬት ረግጦ፣ ክሪኩ ወርዶ ያየ ሰው አልቋል ብሎ ነው የሚሄደው፤ ምን ይፈረድበታል? ሒሳቡን ለእሷ ሰጥቶ፣ “ጥሩ ሠራተኛ ነው ወላሂ፤ አላህ እጁን ይባርከው በይልኝ” ብሏታል።

ሰርኬ፣ ያልጨረስኩትን ሥራ ነው የመረቀልኝ። ይህ ምርቃት እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ፣ በጥምቀት ቀን፣ ሰው ሁሉ ጠበል ሲረጭ እኔ አጣዬ ድረስ ሄጄ መንገድ ዳር ያሉትን ሁሉ ጠየቅሁ። የተገለበጠ መኪና አላየንም አሉ። ከአጣዬ ወዲያስ? ከኮምቦልቻ ወዲያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን በረሃ ማን ይጠየቃል?

ሾፌሩ ኑረዲን እንደሚባልና ወደ ጅቡቲ እንደሚሄድ ሙሚና ነገረችኝ። መኪናው ላይ ያለው ሸራ ከጀርባው በቢጫ ጨርቅ ተጥፏል። ፊቱን ብትጠይቂኝ አላውቀውም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከጎኔ ቆሞ ሲያጫውተኝ አንዴም ቀና ብዬ አላየሁት፤ እኔ የማየው ጎማ ነው። ከቢሮሽ ሰው ላኪና ሾፌሮች ከሚያርፉበት አስጠይቂልኝ። ይህን ደብዳቤ ለሾፌር ልሰጠው ብዬ አፈርኩ፤ በፖስታ ልኬዋለሁ።

ሞቶም ከሆነ አትደብቂኝ።

አጎትሽ ፈለቀ


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርክአዲስ

እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሰሽ። መልስሽ ቀረብኝ። ፖስታ ቤት በየሁለት ቀኑ ስለምመላለስ ሠራተኛው ከሩቅ ሲያየኝ ገና እጁን ያወዛውዛል።

ሰው ሊያገኘው አልቻለም ብለሽ ጻፊልኝ፤ እሱም መልስ ነው። ዝም ስትዪ ግን ሞቷል እያልሽኝ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ አውቶቡስ ጎማ ሠርቼለት ከሄደ በኋላ፣ አሥሩንም ቡሎን ሦስት ጊዜ እንዳጠበቅሁ እያወቅሁ፣ በሞተር ሳይክል ተከትዬ አስቆምኩት። ተሳፋሪው ሳቀብኝ። ሾፌሩ ግን አልሳቀም፤ “ፈለቀ ምን ሆነሃል?” አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቁን አልከፈትኩም።

ባይመችሽም ጻፊ።

አጎትሽ


ጅቡቲ፣ የካቲት 25 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ ፈለቀ

ሰላምታዬን በእግርዎ ሥር ሆኜ አቀርባለሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጀመሪያው ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፏል። መልስ ያዘገየሁት ሾፌሩን ስላልፈለግሁ አይደለም፤ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ስፈልገው ነው የከረምኩት። የት ሆኜ እንደምፈልገው መናገር ስላቃተኝ ነው።

ጋሼ፣ ቢሮ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ይዞኝ የመጣው ሰው ከዚህ አድርሶ ጠፋ። እኔ የሾፌሮች ልብስ አጣቢ ነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ መኪኖቻቸውን አቁመው ወረፋ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ፤ እዚያ በርሜልና ሁለት ሳፋ ይዤ ቁጭ እላለሁ። “ሰው ልከሽ አስጠይቂ” ሲሉኝ፣ የሚላከው ሰው እኔ ነኝ።

ላታልልዎ ብዬ አልጀመርኩትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ በሬ አርደው ጎረቤት የጠሩ ሰው፣ የሰው ሸሚዝ ታጥባለች ሲባል ምን ይሰማዎታል ብዬ አንድ ጊዜ ዋሸሁ፤ ከዚያ አንዱ ውሸት ሌላውን ጎተተ። ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊው ያሉኝን ቃል የት ልለጥፈው? ሳፋው ላይ?

ደግሞ እውነቱን ከተናገርኩ ልጨርሰው። አላማትብም። ጠዋት ክምሩን ሳይ የሚመጣልኝ እርግማን ነው። እርስዎ ተመስገን ሲሉ ሰው ይሰማል፣ ጎሚስታው ይባላሉ፣ ይታወቃሉ። እኔን ማን ያያል? አንገትጌውን በደንብ ፈትጌ፣ ሳልፈትግም ብተወው፣ ነገ ተመልሶ ያው ግራሶ ነው። ብዙ ጊዜ ሳልፈትግ ትቻለሁ።

አሁን ግን ልብስ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ “ከተራ ዕለት ሸዋ ሮቢት ነበርክ?” ስል እውላለሁ። ያበድኩ መስሏቸዋል። ሦስት ኑረዲን አግኝቻለሁ፤ አንዱ ባለ ነዳጅ ቦቴ ነው፣ ሁለቱ በዚያ መንገድ አይሄዱም። መኪና በገባ ቁጥር እጄን ከሳሙናው አውጥቼ ሸራውን ለማየት እሮጣለሁ። እስከ ዛሬ ቢጫ ጨርቅ አላየሁም። አልመጣም ማለት ሞቷል ማለት አይደለም፤ ሌላ ጭነት አግኝቶ ይሆናል ይሉኛል። ለራሴም እንዲህ እላለሁ።

ከተቆጡኝ ይቆጡኝ። ሱቁን ግን አይዝጉ።

ልጅዎ ሰርክአዲስ


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 11 ቀን 1993 ዓ.ም.

ልጄ ሰርኬ፣ እግዚአብሔር በበረሃው ጥላ ይሁንሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ለውባለም ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ አልቅሳ፣ ከዚያ እኔን ተቆጣች። “ፎቶግራፍ ከነጠረጴዛሽ ብለህ የጻፍክ አንተ ነህ” አለች። እውነቷን ነው። ቢሮ ገባሁ ስትዪኝ ስለ አንቺ ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስለ ራሴ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለሙሚናም ራሴው ነገርኳት። ሳቅ ብላ፣ “ታዲያ ሾፌሩን ጸሐፊዋ ልታገኘው ኖሯል እንዴ? የምታገኘው ልብስ አጣቢዋ ናት” አለችኝ። እንደዚህ አላሰብኩትም ነበር።

ማን ያየኛል ያልሽውን ከሁለት ወር በፊት ብትጠይቂኝ አንድ ገጽ እጽፍልሽ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ለመምሬ ንጉሤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን፣ “ለታቦቱ መንበርከክህ ጥሩ። ተነስተህ ያቺን ቡሎን አስረህ ብትደርስ ኖሮ ታቦቱ ይቀየምህ ነበር?” አሉኝ። “ቀኖናህ ሱቅህን መክፈት ነው፤ ሂድ” አሉኝ። መቶ ስግደት ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ሞከርኩ። በሩን ከፍቼ፣ በስመ አብ ብዬ መፍቻውን አንስቼ፣ ያ ሰው በረሃ ላይ ተገልብጦ ይታየኛል፤ መፍቻውን አስቀምጬ እወጣለሁ። አንድ ሰው መሣሪያዎቼን ልግዛህ እያለኝ ነው። እሸጥለት ይሆናል።

እዚያ ባለሽበት ውሎሽ መክበዱ ያሳዝነኛል። ግን ማንም ሳያዝሽ በየሸራው ሥር ስለ እኔ የምትሮጪ ልጅ ናት ያለችኝ፤ ለዚህ ተመስገን ብያለሁ። ከከተራ ወዲህ ይህን ቃል ያወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አጎትሽ ፈለቀ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ ፈለቀ፣ ለእትዬ ውባለምም፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ አድራሹ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል።

አገኘሁት። በፋሲካ ማግሥት፣ ጠዋት፣ አንድ መኪና ገብቶ ጀርባውን አዙሮ ሲቆም ቢጫውን ጨርቅ አየሁት። ሳፋው እስኪገለበጥ ተነሳሁ። ከጋቢናው የወረደው ሰውዬ አንድ እቅፍ ልብስ ይዞ ወደ እኔው መጣ። “ኑረዲን ይባላሉ?” አልኩት። “ነኝ” አለ። “ከተራ ዕለት ሸዋ ሮቢት ጎማ ለውጠዋል?” ስለው ልብሱን መሬት አስቀመጠና፣ “የዚያ ሰውዬ ምኑ ነሽ?” አለኝ። የእህቱ ልጅ ነኝ አልኩት።

የነገረኝን እንዳለ ልጻፍልዎ። “አጣዬን እንዳለፍኩ ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ደረሰብኝ። ለሶላት ብዬ ነው የቆምኩት እንጂ ወላሂ ምንም አልጠረጠርኩም። ውዱእ ላደርግ፣ እጅ እግሬን ልታጠብ፣ ጀሪካን ይዤ ጎማው ሥር ቁጢጥ ስል ሁለት ቡሎኖች የሉም። የቀሩትን ብነካቸው በጣቴ ዞሩ። ሃያ ኪሎ ሜትር ብጨምር ኖሮ ዛሬ አታነጋግሪኝም ነበር። ሰግጄ ስጨርስ የቀሩትን እንደምንም ራሴ አሰርኳቸውና ተናደድኩ። አጎትሽን ሰደብኩት። የመረቅሁትንም ምርቃት፣ ያ ረቢ፣ ከዚያ ሰው እጅ መልስልኝ ብዬ ወሰድኩት።”

እኔም ስለ እርስዎ ነገርኩት። በባዶ እግርዎ መሮጥዎን፣ አጣዬ ድረስ መሄድዎን፣ ሱቁን መዝጋትዎን። እሱም፣ “ቧንቧውን ሲጥል አይቼዋለሁ እኮ። ጨርሰሃል ወይ ብዬ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር፤ እኔም ቸኮልኩ” አለ።

ልብሱን ትቶልኝ ወረፋውን ሊጠብቅ ሄደ። ጋሼ፣ ያን ዕለት በርሜሉ ፊት ቁጭ ብዬ አማተብኩ። አለቀስኩም። ይህ ሰው በሕይወት አለ፤ ሸሚዙ ቆሽሿል፤ የማጥበው እኔ ነኝ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ተመስገን አልኩ። አንገትጌውን ፈተግሁት፤ ኪሱን ሁሉ ገልብጬ አጠብሁ። ከዚያ ወዲህም ክምሩን ሳይ አልፎ አልፎ እርግማኑ ይመጣልኛል፤ አልዋሽዎትም። አንገትጌ ግን ሳልፈትግ አልተውኩም። ማን ያየኛል ብዬ ጽፌልዎት ነበር፤ ያንን መጠየቅ ትቻለሁ።

ጎማውን ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ጎሚስታ አጥብቆለታል፤ ችግር የለበትም። አሁን ግን ከባድ ጭነት ይዞ ጣርማ በርን ሊወጣ ነው፤ ዳገቱን ሳልጀምር ያ ሰውዬ ራሱ ሠርቶ ካልጨረሰልኝ አልሄድም ብሏል።

ጋሼ፣ አሁን ቀና ይበሉ። ይህን ወረቀት የሰጠዎት ሰው ኑረዲን ነው። ፊቱን በደንብ ይዩት። በእጁ የያዘው የጠየቁኝ መፍቻ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ቁጥር፣ እጀታው ረጅም። ይቀበሉትና እንደ ልማድዎ በስመ አብ ብለው የቀረውን ይጨርሱለት። ምርቃትዎን ሊመልስልዎ ነው የመጣው፤ የመጨረሻዋ ቡሎን ሳትታሰር ግን አልሰጥም ብሏል።

ልጅዎ ሰርክአዲስ፣ ልብስ አጣቢዋ